ሞዴል 19 ብቻ ያለው ቤት

ሰኔ ሊያልቅ ነው። ጅማ ላይ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ እንደ ቢሮ ሰው ሰዓት ፈርሞ ይገባል። ጡረታ ከወጣሁ 6 ዓመቴ ነው፤ ቢሆንም ሰኔ በመጣ ቁጥር እጄን ይበላኛል። 27 ዓመት ንብረት ክፍል ነው የሠራሁት። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ይዘጋል፣ መጋዘኑ ይቆጠራል፣ የጎደለውም የተረፈውም ይጻፋል። «እትዬ ንብረት» የሚለው ስም ሰፈር ውስጥ የወጣልኝ ከዚያ ነው። እናንተም በዚሁ ጥሩኝ፣ ለምጄዋለሁ።

መንግሥት መሥሪያ ቤት ላልሠራችሁ ልንገራችሁ። ዕቃ መጋዘን ሲገባ የሚቆረጠው ሞዴል 19 ይባላል። ሲወጣ የሚቆረጠው ሞዴል 22። ባለፈው ወር «ስለ ቤታችሁ ኮተት ጻፉልኝ» ብዬ ነበርና ከየጅማ ሰፈሩ የላካችኋቸውን ደብዳቤዎች ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ጉድ ነው! ሞዴል 19 በየቀኑ ይቆረጣል፤ የሞዴል 22 ጥራዝ ግን ገና ከላስቲኩ አልወጣም። ጥያቄዎቻችሁን አሳጥሬአለሁ። መልሴን ማሳጠር ግን አልችልበትም።

*

ጥያቄ፦ «እትዬ ንብረት፣ እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሊሆናት ነው። ክፍሏን ቆልፌ ተቀምጫለሁ። ውስጡ አልጋዋ፣ ሁለት ሻንጣ ልብሷ፣ እህቴ ከጅዳ የላከችላት አምስት ብርድ ልብስ ከነላስቲኩ፣ የመድኃኒት ከረጢት፣ ጀሪካን፣ ምን እንዳለበት የማላውቀው ብዙ ካርቶን አለ። አስተማሪ ነኝ። ክፍሉን የሰፈር ልጆች ማስጠኛ ላደርገው አስቤ ሁለት ጊዜ ቁልፉን ይዤ በሩ ላይ ደረስኩ። ሁለት ጊዜም ተመለስኩ። እናቴን ከቤቷ የማስወጣት መሰለኝ። ምን ይሻለኛል? ከኮቺ።»

መልስ፦ ልጄ፣ አላህ ይዘንላት። ከበር ስለተመለስሽ አትፈሪ። እኔም ብዙ ተመልሻለሁ።

ባለቤቴ ሲያርፍ የሱፍ ካፖርቱ መኝታ ቤቱ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። ሦስት ዓመት አልነካሁትም። ስወጣ ስገባ ትከሻዬን ይነካኛል፤ እሱ ያለ ይመስለኛል። በመጀመሪያው ክረምት የጎረቤት ዘበኛ በትሕትና ጠይቆኝ ነበር። «እትዬ፣ ብርዱ ከብዶኛል፣ ያ ካፖርት የሚለብሰው ሰው ከሌለ...» አለኝ። ጨርሶ እንኳ ሳይናገር «አይሆንም» አልኩት። በሦስተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ ፀሐይ ደህና ስትወጣ ላናፍሰው ብዬ አወረድኩት። አንገትጌው ላይ ነጭ አቧራ ያለ መሰለኝ። በመዳፌ ጠረግ ሳደርገው ከሥሩ አረንጓዴ ብቅ አለ። ሻጋታ ነው። ገበሩን ስገልጠው ብል እንደ ወንፊት በሳስቶታል። ብብቱ አካባቢ ስይዘው እጄ ላይ ተቀደደ። ደህና ሆነው የቀሩት አዝራሮቹ ብቻ ነበሩ። ስድስት አዝራር። ለዘበኛው የነፈግኩትን ለብል ሰጠሁ። ያ ሰውዬ ዛሬም ሲያየኝ ቆሞ ሰላም ይለኛል፣ እኔ ነኝ አንገቴን የምደፋው።

ይህን የምነግርሽ አገራችን ጅማ ስለሆነች ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚወርድበት ከተማ ክፍል ቆልፎ ዕቃ አስቀመጥኩ ማለት ራስን ማታለል ነው። ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ የምታውቂ ልጅ ነሽ። ቡና እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ሳይወርድ ጆንያ ውስጥ ቢከተት ምን እንደሚሆን ለጅማ ሰው አይነገርም። ያ ክፍል አራት ክረምት ተዘግቶ ከርሟል። አምስተኛው ይኸው ገባ።

ስለዚህ የመጀመሪያ ቀን መስኮቱን ብቻ ክፈቺ። ዕቃ አትንኪ። ወንበር አስገቢና ቡናሽን እዚያ ጠጪ። ማልቀስ ካማረሽ አልቅሺ። በማግስቱም እንደዚሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ ሽታው ራሱ «በቃሽ፣ ተነሺ» ይልሻል።

ከመንካትሽ በፊት ግን አንድ ነገር አለ። ዕቃው ያንቺ ብቻ አይደለም፣ ውርስ ነው። እህትሽም ወንድም ካለሽም ወንድምሽ ድርሻ አላቸው። በቅንነት የሰጠሽው አንድ ነጠላ የዕድሜ ልክ ቂም ሲሆን አይቻለሁ። «ለድሃ ሰጠሁት» ብትይም «እኔ ሳልጠየቅ?» ይመጣል። ለእህትሽ በኢሞ ደውዪላት። ካሜራውን ወደ ክፍሉ አዙሪና አሳያት። ምን እንደምትፈልግ ትናገር፤ ጻፊው። የቀረውን በእናታችሁ ስም ሰደቃ ለማድረግ ከተስማማችሁ፣ ያኔ ያለ ፍርሃት እጅሽን አንሺ።

ቀጥሎ ቆጠራ ነው። እኔ በሠራሁበት ቤት አንድ የምወደው ደንብ ነበር። ንብረት ያዥ የራሱን መጋዘን ራሱ አይቆጥርም። ከሌላ ክፍል ሰው ይመደባል። የለመደ ዓይን አያይም፣ ለዚያ ነው። አንቺም አንዲት ጎረቤት ጥሪ። የምታለቅስ አትሁን፤ ቆፍጠን ያለች ትሁን። ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሳች «ይሄ ምንድን ነው?» ትበልሽ። አንቺ መልሺ። መልስሽ ወሬ ካለው፣ ማለትም «ይህን ሻሽ እኔ ስመረቅ ነው ያሠረችው» ካልሽ፣ ይቀመጥ። መልስሽ «እንጃ፣ ምናልባት አንድ ቀን...» ከሆነ ይውጣ። ጎረቤትሽ አትከራከርም። ሥራዋ መጠየቅ ብቻ ነው።

አምስቱ ብርድ ልብስ አሳዝነውኛል። እህትሽ በሰው ቤት ለፍታ የላከችው ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? ላስቲኩን ዛሬውኑ ቅደጂው፣ ውስጡ እርጥበት አምቆ ይሆናል። አንዱን አንቺ ልበሺው። ለእንግዳ ነው የምትዪው እንግዳ አራት ዓመት አልመጣም። የቀረውን ክረምቱ ሳያልፍ ስጪ፣ ብርድ ልብስ በመስከረም መስጠት ጃንጥላ በበጋ እንደመስጠት ነው።

መድኃኒቱን ለማንም እንዳትሰጪ። «የግፊት ነው፣ ለእከሊት ይሆናታል» የሚባል ነገር የለም። ጊዜው ያለፈበትን ልጆች የሚያገኙበት ቆሻሻ ላይ አትጣዪ፣ ወደ አዌቱም አትወርውሪ። ወንዙ የሰፈሩ ሁሉ ጓዳ ሆኖ ቀርቷል፣ ይበቃዋል። ከነከረጢቱ ፋርማሲ ወስደሽ እንዴት እንደሚወገድ ጠይቂ።

ካርቶኖቹን ለዝናብ ቀን አቆዪ። ወረቀት ማየት የዝናብ ሥራ ነው። የቤት ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የውልና የፍርድ ቤት ወረቀት ካገኘሽ ለብቻ ፋይል ውስጥ አድርጊ። ሳታነቢ ካርቶን የምትጥዪ ከሆነ ባትጀምሪው ይሻላል።

መስገጃዋ ከክፍሉ አይውጣ። አጥፈሽ መደርደሪያው ላይ አስቀምጪው። ልጆቹ ሲያጠኑ እሱም እዚያ ይሁን።

*

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ እዚሁ ተምሬ እዚሁ ተመርቄ አጂፕ አካባቢ ተከራይቼ እኖራለሁ። ሐዋሳ ሥራ አግኝቻለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መሄድ አለብኝ። ግን አራት ካርቶን ሃንድአውት፣ ሦስት የማይሠራ ስልክ፣ የቻርጀር ክምር፣ የዶርም ባልዲዬ ሳይቀር አለኝ። አንዳንዱ አንድ ቀን ይጠቅመኛል ብዬ ነው። ምኑን ልውሰድ?»

መልስ፦ «አንድ ቀን ይጠቅመኛል» ላልካት ነገር የኔን ጉድ ልንገርህ። ያቺን ቃል ይዤ 19 ዓመት አንድ ካርቶን ቆጥ ላይ አስቀምጬ ነበር። አንድ ቀን የምፈልገው ነገር በውስጡ ያለ መሰለኝና በሦስት እግሯ የጅማ በርጩማ ላይ ወጣሁ። በርጩማ ለመቀመጫ ነው የተሠራችው፤ ይህን የተማርኩት መሬት ላይ ሆኜ ነው። አንጓዬ ዞረ፤ ወጌሻ ቤት ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረት ስለኔ የተተረተ ነው የሚመስለኝ። ካርቶኑስ ምን ነበረበት? የኒዶ ጣሳ፣ የአሮጌ ዓመት ካላንደርና ድስታቸው የጠፋ አራት ክዳን። ለክዳን ነው የወደቅኩት።

ሃንድአውቱን በተመለከተ ልጄ፣ የዛሬ ልጅ ሁሉን በቴሌግራም ነው የሚያነበው። ግቢ ያሉ ታናናሾችህን ጠይቅ። በእጅህ የጻፍከውን ጥሩ ማስታወሻ የሚፈልግ ካለ ይውሰድ። የቀረውን ለቆሎ ሻጮች ስጥ፣ ደስ ይላቸዋል። ስምህና መለያ ቁጥርህ ያለበትን ገጽ ግን ቅደደው። የኔ ኦቾሎኒ አንድ ጊዜ በማላውቀው ልጅ የፈተና ወረቀት ተጠቅልሎ መጣልኝ። ከሃያ ስድስት ነው ያገኘው። አፈርኩለት።

ስልኮቹን አንድ በአንድ እያቸው። ጀርባው ያበጠ ካለ ባትሪው ነው። አትብሳው፣ እሳት ውስጥ አትክተተው፣ ትራስህ ሥርም አታሳድረው። ስልክ ጠጋኝ ጋ ውሰደው። ሲምና ሚሞሪ ካርድ አውጣ። የሚነሳ ከሆነ ፎቶህን ገልብጠህ ሁሉን አጥፋና ለመለዋወጫ ሽጠው። ቻርጀር ከሚሠራው ስልክህ ጋር የሚሄደውን አንድ ያዝ። ባልዲውን ለአከራይህ ተውላቸው። ሐዋሳም ባልዲ አለ።

የምትወስደው ዲግሪህን፣ ስቱደንት ኮፒህን፣ የልደት ምስክር ወረቀትህንና የምትለብሰውን ነው። ኦርጅናሎቹን ከሻንጣ ጋር አውቶቡስ ጣሪያ ላይ እንዳትጭን፤ ጭንህ ላይ ይሁኑ።

አሁን ደግሞ ያልጠየቅኸኝን ልናገር። ስትመረቅ ክሊራንስ አዙረሃል አይደል? ቤተ መጻሕፍት «ዕዳ የለበትም» ብሎ ፈርሟል፣ ዶርም ፍራሽህን ተረክቧል። ያ ሁሉ ፊርማ ሳይሟላ ወረቀትህ አይሰጥህም ነበር። ከጅማ ስትወጣም ራስህ ክሊራንስ አዙር። የተዋስከውን መጽሐፍ መልስ። የሱቅ ዱቤ ክፈል። መብራትና ውሃውን ከአከራይህ ጋር ተሳሰብ። «እደውላለሁ» ብለህ ያልደወልክላት ልጅ ካለች ደውልና እውነቱን ንገራት። ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለህ የጅማ ባለሱቅ ሲደውል ስልክ የምትደብቅ ከሆነ ገና ከዚህ አልወጣህም።

*

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ እኔ ሐሙስ ገበያ ስወጣ ጠብቃ ዕቃዬን ለቆራሌው ትሸጣለች። ባለፈው ሬዲዮኔን ሸጠችው። በእርግጥ አይሠራም ነበር። ግን የኔ ነበር። ከፈረንጅ አራዳ።»

መልስ፦ እርስዎ ላይ ግፍ ተሠርቷል። የሰው ዕቃ ባለቤቱ ሳያውቅ አይወጣም፣ ይህ በየትኛውም መጋዘን ሕግ ነው። ለእመቤቲቱ ይህን ገጽ ያንብቡላቸው። ከዚያ ደግሞ ይህን አንቀጽ ለራስዎ ያንብቡ፦ ሬዲዮው ስንት ዓመት ነው ያልሠራው? ጠጋኝ ጋ ወስደውት ያውቃሉ? እኔ ያገለገለ ንብረት ኮሚቴ ውስጥ ስሠራ «ይጠገናል» የተባለ ዕቃ ቀን ይቆረጥለት ነበር። እርስዎም አንድ መደርደሪያ ይኑርዎት፣ እሳቸው አይንኩት። በየዕቃው ላይ ዛሬን ቀን በማርከር ይጻፉ። የዛሬ ዓመት ሰኔ 30 ድረስ ያልተነካውን እርስዎ ራስዎ ቆራሌውን ጠርተው ይሽጡ። ብሩ ግን የእርስዎ ነው። የሬዲዮውንም ይጠይቁ።

*

ጥያቄ፦ «መርካቶ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የማታ ትምህርት ልጀምር አስቤ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ቤቴ ንጹሕ ነው፣ ኮተት የለኝም። የሌለኝ ጊዜ ነው። ሁለት ዕቁብ፣ የጽዋ ማህበር፣ የዕድር ጸሐፊነት፣ የልጆቼ ትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴ፣ 31 የቴሌግራም ግሩፕ አለብኝ። ማንን ልቁረጥ?»

መልስ፦ «ኮተት የለኝም» ብለሽ 31 ግሩፕ ትቆጥሪልኛለሽ!

በዕድር እጀምራለሁ፣ ምክንያቱም እዚያ ላይ ቀልድ የለም። አባልነትሽን እንዳትነኪ። ቀን ሲጎድል ድንኳን የሚተክልልሽ ቴሌግራም አይደለም። ጸሐፊነቱን ግን ማስረከብ ትችያለሽ። «ሰው ይፈለግልኝ» ብለሽ ዝም ካልሽ ግን እስከ ዕለተ ሞትሽ ጸሐፊ ነሽ። ቀን ቁረጪ። በሚቀጥለው ስብሰባ መዝገቡን፣ ማህተሙን፣ የአባላቱን ዝርዝር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና ርክክብ ይደረግልኝ በዪ። ሁለት ምስክር ይፈርም። አንድ ቅጂ ለራስሽ ያዢ። ርክክብ ሳይደረግ የተተወ ኃላፊነት ከአምስት ዓመት በኋላም «ያ 300 ብር የት ገባ?» ብሎ ይመጣል።

ዕቁቡ ላይ ጥያቄው ዕጣ ደርሶሻል ወይ ነው። ከደረሰሽ ዙሩ እስኪያልቅ መክፈል ግዴታሽ ነው፣ አለበለዚያ ዋስሽን ታዋርጃለሽ። ዙሩ ሲያልቅ «በሚቀጥለው የለሁም» በዪና ጨርሺ። ካልደረሰሽም እስከ ዕጣሽ ብትታገሺ ጥሩ ነው፤ ያ ብር የመመዝገቢያና የመጽሐፍ ይሆንሻል። ሁለቱንም በአንዴ አትተዪ። በየሳምንቱ ጥለሽ የምትቆጥቢበት ሌላ መንገድ እንደሌለሽ እገምታለሁ። እኔ ራሴ ባንክ ያስቀመጥኩት ሁሉ ወጥቶ አልቋል፣ ዕቁብ ያስቀመጥኩት ግን ጣሪያ ሆኗል።

ጽዋው በዓመት ስንት ጊዜ ነው አንቺ ቤት የሚደርሰው? እሱ ይኑር፣ የወዳጅ ፊት ማያ ነው። የወላጅ ኮሚቴውን አንድ ዓመት ለሌላ ወላጅ ተዪ። ግሩፖቹን ተሰናብተሽ አትውጪ፣ «ምን አስቀየምንሽ?» ብለው ሠላሳ አንድ ሰው ይደውልልሻል። ድምፃቸውን ዝጊና እሑድ እሑድ ብቻ እያቸው። የዕድሩን ብቻ ክፍት አድርጊ፣ የለቅሶ ጥሪ ይመጣበታል።

ከዚህ ሁሉ በሳምንት ሦስት ምሽት ይወጣልሻል ብዬ አስባለሁ። እነዚያን ሦስት ምሽቶች ዛሬውኑ ተመዝገቢባቸው። ባዶ መደርደሪያ በንብረት ክፍል ባዶ ሆኖ አድሮ አያውቅም፤ ከአካውንቲንግ እስከ ጽዳት ሁሉም የራሱን ካርቶን ይዞ ይመጣል።

*

ጥያቄ፦ «ሁልጊዜ እኛን ይመክራሉ። እርስዎ ዘንድሮ ምን አስወገዱ? ከቦሳ ቂጦ።»

መልስ፦ ተያዝኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ ሳይጀምር «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ይኸው ዕድል ብዬ ሮጥኩ። የባለቤቴን አራት ሱሪ፣ የማይገቡኝን ሁለት ጫማዎች፣ አንድ የሹራብ ኮት አወጣሁለት። ልጁ ሱሪዎቹን በፀሐይ አንጻር ዘርግቶ አያቸው። አንዱ ላይ ጉልበቱ መሳሳቱን አሳየኝ። ተከራከርን። እኔ ሱፍ ነው እላለሁ፣ እሱ «እማማ፣ ሱፍ ነበር» ይለኛል። በመጨረሻ ተስማማን። ቁም ሳጥኑ አንድ ክንድ ያህል ክፍት ሆነ። ልቤ ቀለለኝ፣ እውነቴን ነው።

የሰጠኝ ሰማያዊ ሳፋ ነው። ትልቅ፣ ጥሩ ሳፋ። ጓዳ ላስቀምጠው ስገባ እዚያ ከነበሩት አራቱ ላይ አልገጥም ብሎ አስቸገረኝ። አሁን ኮሪደሩ ላይ ነው።